ወለሉን የሚያዩት እናት

የዋሻ አሳሾች ማኅበራችን በየሦስት ወሩ ደብረ ታቦር ላይ ሲሰበሰብ፣ ከገሳይ በሚኒባስ የሚመጡ አንዲት እናት ይገኛሉ። አባል አይደሉም፤ ስማቸውንም የጠየቃቸው የለም። ነጠላቸው ንጹሕ ነው፤ የላስቲክ ጫማቸውን በር ላይ ጠርገው ይገባሉ።

«እማማ፣ አንድ ቀን እርስዎም በገመድ ይውረዱ እንጂ!» ይሏቸዋል ወጣቶቹ።

«መውረዱስ አይከፋም፤ ማን ጎትቶ ያወጣኛል?»

በየዋሻው ያነሣናቸው ፎቶዎች ግድግዳው ላይ ሲታዩ ሁሉም ከጣሪያ የተንጠለጠሉትን ድንጋዮች እያየ ያጨበጭባል። እሳቸው የሚያዩት የዋሻውን ወለል ነው።

ባለፈው ቅዳሜ፣ እብናት አካባቢ የተነሣ አንድ ፎቶ ሲያልፍ ብድግ አሉ።

«እስቲ እሱን መልሽልኝ፣ ልጄ።»

የማኅበሩ ጸሐፊ ስርጉት መለሰችላቸው። ከዋሻው ጥግ የሣር መኝታና አንገቱ ላይ ቀይ ክር የታሰረበት ቅል ይታያል።

«ክሩን የገመድሁት እኔ ነኝ። ውሃ ነበረው?»

«ሙሉ ነበር። የሚያድርበትን ሰው ግን አላገኘነውም።»

«ተመስገን! አለ ማለት ነው።»

ልጃቸው ከመነነ ዘጠኝ ዓመት እንዳለፈው ያን ጊዜ ነገሩን።

«በሚቀጥለው ወር እንመለሳለን፤ እንውሰድዎት?» አለች ስርጉት።

«በስመ አብ! ዓለምን የተወን ሰው ማን ይረብሻል? እናንተም ዳግመኛ አትሂዱበት።»

«ታዲያ ወሬውን ከማን ሊሰሙ ነው?»



«ዛሬ ሰማሁ አይደል? ይበቃኛል» አሉ። ዓይናቸው ግን ከቅሉ ላይ አልተነሣም።