የገበያነሽ እፍኝ አሸዋ

ገበያነሽ ካልጋሪ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የብረት ማቅለጫ ቤት የቀለጠ ብረት የሚፈስበትን የቅርጽ አሸዋ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አዘጋጅታለች። አሮጌውን በወንፊት ትነፋለች፣ ሸክላ አፈር ትቀላቅላለች፣ ውኃ ታርከፈክፋለች። ከዚያ አንድ እፍኝ ጨብጣ ለሁለት ትሰብረዋለች። ስብራቱ ጥርት ካለ ደርሷል፤ ከተፈረፈረ ውኃ ይጎድለዋል። ውኃ ከበዛበት ግን እንፋሎቱ የቀለጠውን ብረት መልሶ ሰው ላይ ይተፋዋል።

ያስተማሯት ጋሼ ፀጋዬ ጡረታ ሲወጡ «እጅሽን አደራ» ብለዋት ነበር። እጇ ግን ከዳት። ስኳሩ ነው መሰል፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ጣቶቿ ምንም አይሰማቸውም። ለማንም አልተናገረችም። ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጠች የስድሳ ዓመት ሴት ሌላ ምን ሥራ ታገኛለች? ሰው ሳያያት አሸዋውን ጉንጯ ላይ እያስነካች እርጥበቱን ትለይ ነበር።

ጥር ላይ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ በገባ ቀን፣ አሸዋው ውጭ ካደረበት ግቢ መጣ። ጠዋት ማርልቦሮ ጣቢያ አውቶቡስ ስትጠብቅ ጉንጯም ደንዝዟል። ጨበጠችው፤ ተፈረፈረ። ደርቋል ብላ ውኃ ጨመረችበት። በውስጡ በረዶ ሆኖ የተደበቀውን ውኃ አላወቀችም። ቤቱ ሙቀት ሲሰጠው እሱም ቀለጠ።

«እትዬ፣ አሸዋው ዛሬ ትንሽ ዌት አይደለም? ውኃ አልበዛበትም?» አለቻት ከአሸዋው ቅርጽ የምታወጣው ናሆሚ፣ ካልጋሪ የተወለደች ወጣት።

«እኔ አሸዋ ስነፋ አንቺ ፕሌይግራውንድ ላይ አሸዋ ትበዪ ነበር!»

ናሆሚ ሳቀች። «ሶሪ። እርስዎ ኦኬ ካሉ ኦኬ ነው።»

ልጅቷ እያየቻት ጉንጯን ማስነካት አፈረች። ደንዛዛ እጇን ጨበጥ አድርጋ «ደርሷል» አለች።

የቀለጠው ብረት ሲፈስበት ቅርጹ ተንተከተከ፤ ከዚያ ተፋ። የናሆሚን ፊት መከላከያው አተረፈው፤ አንገቷን ግን እስከ ትከሻዋ አቃጠላት።

በማግሥቱ ገበያነሽ ልትጠይቃት ሆስፒታል ሄደች። ናሆሚ በፋሻ እንደተጠቀለለች «ለቦስ እኔ ነኝ ውኃ ያበዛሁት ብዬዋለሁ። የእርስዎ እጅ አይሳሳትም» አለቻት።

ገበያነሽ ዝም ብትል ሥራዋ ይተርፍ ነበር። አልቻለችም። «እጄ ከሞተ ዓመቱ ነው፣ ልጄ።»

«ዓመት ሙሉ? አጠገብዎ ቆሜ?»

ናሆሚ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ገበያነሽ በዚያው ሄዳ ለአለቃው ነገረችው፤ የሥራ ቤቱን ቁልፍ አስረክባ ሥራዋን ለቀቀች። ከዚያ ወዲህ ናሆሚ ጋ ስትደውል ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም።