በሻማ የሚዞር ሞተር

ያሳሰረኝ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ነው። ስሙን አልጽፍም፤ መካነ ሰላም ውስጥ የኛን ወፍጮ ቤት የሚያውቅ ሁሉ እሱንም ያውቀዋል። ጊዜው ምርጫው ባለፈ በሐምሌ ነው። ባሌ በሕይወት ሳለ ዱቄት ጠራጊ አድርጎ የቀጠረው፣ ከገበታችን የበላ ሰው፣ ፖሊስ አስከትሎ መጣና ሞተሩን አስጠፋ። «ተቃዋሚ የሚመክረው እዚህ ነው» አለ። ሐሰት ነው። የናፍጣ ሞተር በሚጮኽበት ቤት ማን ከማን ጋር ይመክራል? የፈለገው ሞተሩን ነበር፤ ለወንድሞቹ ማኅበር።

ያስገቡኝ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፤ ዝናብ ሲመታው ከወፍጮ ይብሳል። ግድግዳው የነቀዘ ባቄላ ይሸታል። ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ የአቀስታ ልጅ፣ የፊዚክስ መምህርት። በምርጫው ታዛቢ ሆና ያየችውን በመናገሯ ነው የታሰረችው።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኩ።

«ወአለይኩም ሰላም፣ እትዬ። እርስዎ ደግሞ ምን አጠፉ?»

«ዱቄት ፈጨሁ።»

ሳቀችና ከፍራሿ ግማሹን ለቀቀችልኝ።

ሊቀ መንበሩ በየሳምንቱ እየመጣ አንድ ነገር ይለኛል። «ሞተሩን ለማኅበሩ ልቀቂና ዛሬውኑ ቤትሽ ግቢ።» ድሮ ዱቄት ሲጠርግ «እርስዎ» ነበርኩ። አሁን «አንቺ» ሆንኩ። ብርዱ ጉልበቴን ይዞት ስለነበር ልለቅለት ዳር ዳር ብያለሁ። ያልለቀቅኩት በአንድ የወተት ጣሳ ምክንያት ነው።

አንድ ቀን ስለ ሞተሬ ሳወራ መምህሯ አቋረጠችኝ።

«እትዬ፣ ናፍጣ የማይፈልግ፣ በሻማ ብቻ የሚዞር ትንሽ ሞተርም እኮ አለ።»

«በሻማ? የታሰርኩት ሳያንስ ልታላግጪብኝ?»

«ኧረ ወላሂ! አየር ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። ሌላ ምስጢር የለውም።»

ጣቷን ውኃ ነክራ ሲሚንቶው ላይ ሣለችው። ሳይደርቅ አየሁት፤ ገባኝም።

«ሠርተሽው ታውቂያለሽ?»

«መጽሐፍ ላይ ነው ያየሁት። እጄ ለእንዲህ ያለ ነገር አይሆንም።»

«እጁን ለኔ ተይው።»

መብራት ስለሚጠፋ ሻማ ይፈቀድልን ነበር። የዱቄት ወተት ጣሳ ከቤት በምግብ ዕቃ ተላከ። ሽቦውን ከተሰበረ ጃንጥላ አወጣሁ። በጣሳው ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚለውን ክፍል ከድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅልዬ ሠራሁ። አየሩ ሲሰፋና ሲሰበሰብ አብሮት የሚነፋና የሚሟሽሽ ቀጭን ላስቲክ ያስፈልግ ነበር፤ ለደም ግፊቴ ጤና ጣቢያ ሲወስዱኝ ነርሷን አንድ ጓንት ለመንኳት።

«ለምንዎ ነው?»

«እጄን ይበርደኛል።»

ለዳንቴል ሥራ በተፈቀደልን ኪሮሽ ቀዳዳዎቹን በሳሁ፤ አየር የሚያወጣውን በማስቲካ ደፈንኩ።

አልዞረም። ስህተቴ የወፍጮ ሰው ስህተት ነበር። ማሰሪያውን ሁሉ አጥብቄ፣ ዘንጉን በቅቤ አርሼ፣ ከባድ መዘውር ጭኜበት ነበር። ከዚያም እንደ ትልቁ ሞተር በሙሉ ክንዴ ሳሽከረክረው ሽቦው ተጣመመ።

«አይታገሉት፣ እትዬ!» አለች መምህሯ። «ይሄ ጉልበት የለውም። እንዳይሄድ የሚይዘውን ያንሱለት እንጂ አይግፉት።»

ሽቦውን አቀናሁ። ቅቤውን በሳሙና አጠብኩ። ዘንጉ የሚዞርባቸውን ቀዳዳዎች አሰፋሁ። መዘውሩን ጥዬ በምትኩ የጣሳውን ክዳን አደረግኩ። ዛሬ እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር መሥራት የሚፈልግ ሰው ወደ እኔ ሲመጣ የምነግረው ይህንኑ ነው፤ ከማጥበቅ አትጀምር።

የዞረው ሊቀ መንበሩ በሚመጣበት ቀን ረፋዱ ላይ ነው። ሻማውን ከሥር አቆምን፤ ከላይ በዝናብ ውኃ የራሰ ጨርቅ አደረግን። ክዳኑን በአንድ ጣት ነካሁት። አንዴ ዞሮ አመነታ፤ ከዚያ ራሱን ችሎ ሄደ። ቲክ ቲክ ቲክ ይላል፤ ከሰዓት ትንሽ ይፈጥናል። መምህሯ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ዘበኛው ፖሊስ በሩን ከፈተ። «እናቴ፣ ሊቀ መንበሩ ይፈልግዎታል።»

«ይጠብቅ።»

«ይጠብቅ?» ብሎ አጎንብሶ ጣሳውን አየው። «ያ አላህ! ማን ነው የሚያዞረው?»

ሊቀ መንበሩ መጠበቅ አቅቶት ገባ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ሞተር ነው» አልኩ፤ ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም።

«ያንቺ ሞተር ወፍጮ ቤት ነው ያለው። ቁልፉ ደግሞ እኔ ኪስ ነው።»

«ይኸኛውን በየትኛው ቁልፍ ትዘጋዋለህ?»

ጎንበስ ብሎ ሻማውን እፍ አለው። ሞተሩ አልቆመም። ተአምር አይደለም፤ የጋለ ቆርቆሮ ወዲያው አይበርድም። እሱ ግን ይህን አያውቅም። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እስኪቆም ጠበቀ። እኛም ጠበቅን። ክዳኑ መዞሩን ሲቀጥል ዘበኛው ሳቁ አመለጠውና ወደ ውጭ ዞረ።

«ሞተሬን አልሰጥም» አልኩት። «እዚሁ እሞታለሁ እንጂ አልሰጥም። ከእንግዲህ ለዚህ ብለህ አትመላለስ።»

ጣሳውን ይዞ ወጣ። ተመልሶም አልጠየቀኝ። እኔ በዚያው ሳምንት ሌላ ጣሳ አስላክሁ፤ ሁለተኛው ከፊተኛው ይሻላል።

ክስ ሳይመሠረትብኝ በጥቅምት ለቀቁኝ፤ የወፍጮ ቤቱንም ቁልፍ መለሱልኝ። መምህሯ ከኔ በኋላ ወጣች፤ ሥራዋን ስላልመለሱላት ዐረብ አገር ሄደች። ስትደውል ከጤናዬ በፊት «አሁን ምን እየሠሩ ነው?» ትላለች። አምና ትንሽ መሰርሰሪያ ላከችልኝ። አሁን በእንፋሎት የሚሠራ ጀምሬያለሁ፤ ፒስተኑ ከውኃ ቧንቧ ናስ የተቆረጠ ነው። ጎረቤት «በዚህ ዕድሜ መጫወቻ?» ይላል። ይበል። የማይፈጭ፣ የማይሸጥ፣ ማንም ቀበሌ የማይመኘው ሞተር መሥራት ደስ ይለኛል።

ትልቁን ሞተር ዝገቱን ፈትቼ፣ አጥቤ አስነሣሁት። ሊቀ መንበሩ በግምገማ ከወረደ በኋላ አንድ ቀን ጤፉን በአህያ ጭኖ መጣ። ሞተሩ ይዞራል፤ ሰው ተሰልፏል፤ ዱቄቱ ይወርዳል።

«እትዬ፣ እንዴት አሉ?» አለኝ።

«ዛሬ አይፈጭም» አልኩት።

በማግስቱም መጣ። ያንኑ አልኩት።