ታሪኳ በወላይትኛ ያለችው

ሰኞ ዕለት መምህራን ክፍል ፈተና ሳርም አንዲት አዲስ የተመደበች መምህርት ስልኳን ደቅና «ቲቸር፣ ይህን ቃል ኢንተርኔት ላይ ይፈልጉማ፤ ፊትዎን ልቅረጽ» አለችኝ። የሚመጣው ምስል ያስደነግጣል፤ የደነገጠው ፊት ደግሞ ሰው ያስቃል። ጨዋታው ይኸው ነው፤ ስሙን እየቀያየረ ይመለሳል እንጂ አይሞትም። ፊቴን አዞርኩባት። ኩራት መስሏት ይሆናል።

እኔም በተማሪነቴ ተጫውቼዋለሁ። ታሪኳ ከገጠር፣ ከጉኑኖ መጥታ ሶዶ እኛ ግቢ የተከራየች የክፍል ጓደኛዬ ነበረች። ክረምቱ እየወጣ ነበር፤ የዳሞታ ተራራ ጭጋግ እስከ ቀትር አይገፈፍም፣ ቀዩ ጭቃ ጫማ ይዞ ያስቀራል። ሃላሌ ከተማ የሚያስተምር አንድ ልጅ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮላት፣ ለሦስተኛ ጊዜ የሚመጡበት ቀን ተቆርጦ ነበር። ትወደዋለች፤ ስሙ ሲነሳ ፈገግታዋን መደበቅ አትችልም። እናቷን ግን አይቻቸው አላውቅም። ከቤት አይወጡም ብላኛለች፤ እኔም አልጠየቅሁም።

አንድ ቅዳሜ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ እየበላን «ዝሆኔ ብለሽ ፈልጊ» አልኳትና ስልኬን ደገንኩባት። ያበጡ እግሮች ስክሪኗን ሞሉት። አልጮኸችም። አንዱን ምስል በጣቷ ነካ አድርጋ በወላይትኛ አንድ ነገር ተናገረች፣ በቀስታ። ጸሎት መሰለኝ። ቅድመ አያቴ ከሰሜን የመጡ ሹም ነበሩ፤ እኔ ሶዶ ተወልጄ አድጌ ከሰላምታ በላይ ወላይትኛ አላውቅም፤ ቤታችን ይህን እንደ ጉድለት አይቆጥረውም። እንዲህ ያለ ፊት ማን አገኘ ብዬ ቪዲዮውን ወዲያው ለቀቅሁት።

በማግስቱ ያላየው የባጃጅ ሹፌር አልነበረም። ለእነሱ አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም። ታሪኳ መጥታ «‹የእናቴ እግር ነው› ነበር ያልኩት» አለችኝ። ከዓመታት በፊት ሊያክሟቸው የመጡ ሰዎች ፊትዎን አናሳይም ብለው ያነሷቸው ፎቶ ነው። የቁርጭምጭሚታቸውን ጠባሳ አውቃዋለች።

በሽታው ቀዩን አፈር በባዶ እግር ከመርገጥ እንደሚመጣ ሁለታችንም ተምረናል። ለጋብቻ የሚጣራው ግን ዘር ነው፤ ዝሆኔ ካለበት ቤት ልጅ የሚወስድ የለም። ሽማግሌዎቹ በተቆረጠው ቀን ቀሩ። ልጁም አልደወለም። ቪዲዮውን አጠፋሁት፣ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ፤ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ አልቋል።

ዕቃዋን ስትሸክፍ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እዚሁ ተወልደሽ፣ እንዴት አልገባሽም?»

 

በኋላ ጉኑኖ ሄድኩ። እናቷ ደጃፍ ላይ እግራቸውን የሳሙና ውሃ ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል። በዚያች በማትሞላ አማርኛቸው «ልጄ ለኔ ብላ ትምህርት ተወች» አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው። ጎደሬ አቀረቡልኝ። ታሪኳ ከጓዳ አልወጣችም።

ዛሬ ወላይትኛ እናገራለሁ፤ ተማሪዎቼ በአነጋገሬ ይስቃሉ። እናቷ የሞቱ ጊዜ ለቅሶ ደርሼ ታሪኳን በራሷ ቋንቋ ይቅርታ ጠየቅኋት። ገብቷታል። አልፋኝ ሌሎች ለቀስተኞች ጋ ሄደች። እስከ ዛሬ አላገባችም።

ሰኞ ዕለት መምህርቷ ከወጣች በኋላ በሩን ዘግቼ ያንኑ ቃል፣ ዝሆኔን፣ ራሴ ፈለግሁት። የታሪኳ እናት ከተቀበሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። እግራቸው እዚያው አለ፣ ከምስሎቹ ሁለተኛው መስመር ላይ።