ቁጥሩን ቀድሞ የጠየቀ

ውጫሌ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ ከባልደረባዬ ጋር በዜሮ ምክንያት ተኳርፈን ነበር። የግሸን ተጓዦች በሚያልፉበት ሰሞን ኢንተርኔቱ ሲንቀረፈፍ፣ አለቃችን በዋናው ኮምፒውተር ምን ያህል ዳታ እንደሚያልፍ እንድንከታተል አዘዘን። እኔም እሷም በየራሳችን ፕሮግራም፣ በየስክሪናችን መከታተል ጀመርን።

«ምንም የሚያልፍ ነገር የለም» አልኳት።

«ወላሂ፣ እኔ ጋ ሞልቷል።»

«ዜሮ ነው እኮ የሚለው!»

«እንግዲያው ለዓይንህ ሐኪም ፈልግለት፣ ወንድሜ።»

ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን አጠረ፤ ምሳም በየፊናችን ሆነ። አለቃችን የማይገናኙ ሁለት ሪፖርቶች ደረሱት፤ ሁለቱንም ፈረመባቸው።

በመጨረሻ የዋናውን ኮምፒውተር የኔትወርክ ካርድ የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ ከፍቼ አነበብኩት። ካርዱ ያለፈውን ዳታ ይቆጥራል፤ ቁጥሩን ለጠየቀው ሰጥቶ ወዲያው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። የእሷ ፕሮግራም ከእኔው ትንሽ ቀደም ብሎ ስለሚጠይቅ፣ ለእኔ የሚተርፈኝ ባዶው ነበር።

ወንበሬን ይዤ ጠረጴዛዋ ዘንድ ሄድኩና ነገርኳት።

«ታዲያ አልዋሸኸኝም ማለት ነው?»

«አልዋሸሁም። አንቺም አልዋሸሽም።»

«እኔማ አውቃለሁ» አለች።

ድራይቨሩን አብረን አስተካከልነው። ከእንግዲህ ካርዱን የሚጠይቀው እሱ ብቻ ነው፤ የተቀበለውን እየደመረ ይይዛል፣ እኛም ከእሱ እንጠይቃለን። ሁለቱ ስክሪኖች አንድ ዓይነት ቁጥር ሲያሳዩ ለረጅም ጊዜ አየናቸው።

ቅዳሜ ሐይቅ ሄደን ዓሣ በላን። እሾሁን እየለየች አቀረበችልኝ።