ግቢ ውስጥ የቆሙት

የእኛ ከተማ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከአንድ መማሪያ ክፍል ብዙም አትሰፋም። ይህን የምለው አስተማሪ ስለሆንኩና የክፍልን ስፋት በእርምጃ ስለማውቀው ነው። የገነባት አባቴ ነው። በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር በግንበኝነት መጥቶ፣ ያኔ እዚህ የነበሩት ሲስተሮች ለሚያሠሩት መዋዕለ ሕፃናት ድንጋይ ሲጠርብ ቆየና ከጎኑ ይህችን ሠራ። ሥራው ሲያልቅ ሌሎቹ ግንበኞች ወደየአገራቸው ሄዱ። እሱ እናቴን አግብቶ ቀረ። ከዓመታት በኋላ ሲስተሮቹም መዋዕለ ሕፃናቱን ለመንግሥት አስረክበው ሲሄዱ የቤተ ክርስቲያኗ ቁልፍ አባቴ ኪስ ውስጥ ቀረ።

እናቴ የመርሐቤቴ ተወላጅ ነበረች። ስታገባው የእሱን ቤተ ክርስቲያን ተቀበለች፤ ዘመዶቿ አኮረፉ፤ እኔ ስወለድ ታረቁ። ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል።

በልጅነቴ አግዳሚዎቹ ሞልተው ወንዶቹ ከኋላ ይቆሙ ነበር። ዛሬ አሥራ አንድ ነን። ግማሹ ቤተሰብ አዲስ አበባ ገባ፤ ጥቂቱ አግብቶ ወደ ትዳር ጓደኛው ሃይማኖት ሄደ፤ የቀረው አረጀ። ቄስ ከአዲስ አበባ በወር አንድ እሑድ ይመጣል፤ ያውም የጀማ ቁልቁለት በናዳ ካልተዘጋ ነው። በሌሎቹ እሑዶች አባቴ በሩን ይከፍታል፣ ወንጌል ያነባል፣ እኛ እንመልሳለን። ሲያነብ ግድግዳ በውሃ ልክ እንደሚለካ ሰው ነው፤ አንዲት ቃል ካዘመመችበት ወደ ኋላ ተመልሶ ያቃናታል። አንዳንዴ አንድ ምዕራፍ ለማዳመጥ ሰው ትዕግሥቱን ከቤቱ ይዞ መምጣት አለበት።

ጎረቤቶቻችን ሁሉም ኦርቶዶክሶች ናቸው። ጾሙ ጾማችን ነው፣ በዓሉም በዓላችን፤ ገናውም ፋሲካውም አንድ ቀን ይውላል። የሚቀልዱብን በአግዳሚው ነው። ቅዳሴውን እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ ተቀምጣችሁ ትጨርሱታላችሁ ይሉናል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ለሥራ ስለቆመ እግዜር ፊት ቢቀመጥ እንደማይቀየመው ይመልስላቸዋል። ቀልዱም መልሱም ከእኔ ዕድሜ ይበልጣሉ፤ አሁንም ሁለቱም ወገኖች እንደ አዲስ ይስቁበታል።

ከሁሉም የሚቀርቡን አጥር የሚያዋስኑን አሮጊት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን ነው። በወር በወሩ የማርያም ማኅበር ይጠጣሉ፤ ጾም አያጎድሉም፤ ካህናቱን ሳይቀር በበዓል ቀን ቆጠራ ይከራከራሉ። ቤተ ክርስቲያናችንን «የአባትሽ ቤት» ነው የሚሏት። እናቴ ስትታመም በቀን ሦስት ጊዜ አጥሩን እየዞሩ የጠየቋት እሳቸው ናቸው።

ያለፈው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ መጣ። ቄሶች ጥቂት ናቸው፣ መንገዱ አስቸጋሪ ነው፤ ስለዚህ ምእመናን ባነሱበት ቦታ ቅዳሴ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ እንዲሆን ታስቧል ይላል። ከመወሰኑ በፊት ግን አንድ ከፍተኛ ካህን በፍልሰታ ጾም መጥተው ሁኔታውን ያያሉ፤ የምእመናኑ ስም ዝርዝር ተዘጋጅቶ ይቆያቸው። አባቴ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተ፤ ትንሽ ቆይቶ መነጽሩን እኔን ጠየቀኝ።

አባቴ ሰባ አምስት አልፎታል። ወር በወር ንስሐ ገብቶ ይቆርባል፤ ከዚህ ሌላ የሚጠብቀው ነገር ያለው አይመስለኝም። በዓመት ሁለት ጊዜ ማለት ለእሱ ስንት ጊዜ እንደሚቀረው ለማስላት የሒሳብ አስተማሪ መሆን አያስፈልግም። እኔ ደግሞ የማስተምረው ሒሳብ ነው።

በማግሥቱ ወደ ጎረቤታችን ሄድኩ። ነገሩን አስረዳኋቸውና፣ በዚያን ቀን በርከት ያለ ሰው ቢታይ ጥሩ ነበር አልኩ። ቀኑን ጠየቁኝ። የሥራ ቀን ነው፣ በጠዋት ነው ስላቸው አሰቡና፣ በፍልሰታ የእሳቸው ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሆነ እንደሚያደርሳቸው ነገሩኝ። ሌሎቹንም አነጋግራለሁ አሉ። ከዚያ ደብተር አወጣሁ። የክርስትና ስማቸውን ጠየቅኳቸው። ደብተሩንም እኔንም አዩና ነገሩኝ።

በሁለት ቀን ውስጥ ሰፈሩን ዞሬ ሠላሳ አንድ ስም ሰበሰብኩ። ከአሥራ አንዳችን በታች አንድ ወረቀት ላይ ጻፍኳቸው፤ አጻጻፌ መቼም ያምራል። ለአባቴ አልነገርኩትም። ለራሴም ውሸት ነው አላልኩትም፤ ዝርዝር ነው አልኩት።

ቀኑ ሲደርስ ከሌሊት ጀምሮ ዘነበ። ጭጋጉ ወደ ገደሉ አፍ ወርዶ ከግቢያችን ማዶ ያለው ባሕር ዛፍ አይታይም ነበር። ካህኑ ዓለም ከተማ አድረው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በፒክአፕ ደረሱ። ጭቃው ስለከበደ ሾፌሩ በጓሮ በኩል አስጠግቶ አወረዳቸው፤ ልብሰ ተክህኗቸውን ለብሰው ቅዳሴው ተጀመረ። ሽማግሌ ናቸው፣ ድምፃቸው ረጋ ያለ። ገና ሲገቡ አግዳሚዎቹን ከፊት እስከ ኋላ በዓይናቸው ሲያዳርሱ አየኋቸው።

አሥር ነበርን። አንዱ ሽማግሌ ጉንፋን ይዟቸው ቀርተዋል።

ኋላ ተቀምጬ በሩን እያየሁ ጠበቅኩ። አንድ ሰው አልገባም። መልእክቱ ተነበበ፣ ወንጌሉ ተነበበ፣ በሩ እንደተገረበበ ነው። ተናደድኩ። በዝናቡ አልነበረም የተናደድኩት፤ በጎረቤቶቼ ነው። ሠርግ ቢሆን በረዶም አያስቀራቸውም ነበር ብዬ አሰብኩ። አባቴ ፊት ለፊት ብቻውን አንድ አግዳሚ ይዞ ተቀምጧል፤ ከኋላ ሳየው አንገቱ ቀጥኗል።

ከዚያ ዝናቡ ለአፍታ ጋብ አለ፤ ቆርቆሮው ዝም ሲል ካህኑ፣ ዲያቆን ስላልነበረ ራሳቸው «ተንሥኡ ለጸሎት» አሉ። እኛ አሥራችን «እግዚኦ ተሣሃለነ» ብለን መለስን። ከውጭ ግን ሌላ ድምፅ መለሰ፤ ከእኛ የበለጠ፣ ወፍራም፣ የወንድም የሴትም ድምፅ። ካህኑ ቀና አሉ፤ ከዚያ ቀጠሉ።

ተነሥቼ በሩን ገፋ አደረግኩት። ግቢው ሞልቷል። ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በሌላ ወገን፣ ነጠላና ጋቢያቸውን እንደ ሥርዓቱ አጣፍተው ዝናብ ላይ ቆመዋል። ጫማቸውን ከግቢው በር ጀምሮ ደርድረውታል፤ ኮንጎ ጫማውም ቦቲውም ውሃ ሞልቶበታል። አንዳንዶቹ ግንባራቸውን ከግድግዳው ጋር አስጠግተው ነበር።

ማወቅ ነበረብኝ። በእኛ አገር ያልተዘጋጀ ሰው ወደ ቤተ መቅደስ ዘሎ አይገባም፤ ከቅጽሩ ውስጥ ቆሞ ያስቀድሳል፣ ግድግዳውን ተሳልሞ ይሄዳል። በገዛ ቤተ ክርስቲያኑ እንዲህ የሚያደርግ ሰው በሰው ቤተ ክርስቲያን ገብቶ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል ብዬ የጠበቅኩት እኔ ነኝ፤ እዚህ ተወልጄ፣ እዚህ አድጌ። ጎረቤታችንን በእጄ ጠቀስኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀስ ብዬ ወጥቼ እንዲገቡ ብለምናቸው እዚሁ ይበቃናል አሉኝ፤ ደግሞም በቅዳሴ መሐል መውጣቴን ገሠጹኝ።

ቅዳሴው ሲያልቅ ካህኑ መስቀላቸውን ይዘው ወደ በሩ መጡና ሁሉንም አዩ። ሰዉ ጎንበስ አለ። ካህኑ ፊታቸው በራ።

«እነዚህ ሁሉ የእናንተ ናቸው?» አሉ ወደ አባቴ ዞረው።

እኔ ከአጠገባቸው ነበርኩ። እጄ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ወረቀቱ ላይ ነው። አባቴ ግቢውን አየ፣ በሩ ላይ የተደረደረውን ጫማ አየ፣ እኔንም አየኝ። አዎ እንዲል እንኳን አልፈለግኩም፤ ዝም ቢል ይበቃኝ ነበር።

«አይደሉም አባታችን። ጎረቤቶቻችን ናቸው» አለ።

ጎረቤታችን ከደረጃው ሥር ቆመው ሰምተዋል። የረጠበውን ነጠላቸውን ፈትተው እንደገና አጣፉት። ካህኑ ታዲያ ለምን እንደመጡ ሲጠይቁ ቤቱ እንዳይዘጋበት ብለን ነው ብለው የመለሱላቸው ጎረቤታችን ናቸው። ካህኑ ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። ከዚያ በመስቀላቸው ባረኩ፤ ዝርዝሩን ሲጠይቁኝ ቤት ረሳሁት አልኳቸው፤ አባቴን ጠይቀው በማስታወሻቸው ላይ ራሳቸው አሥራ አንድ ብለው ጻፉ። መንገዱ ሳይብስ ብለው ወዲያው ሄዱ። ሰዉም ጫማውን እያራገፈ ወደየቤቱ ተበተነ።

ቤተ ክርስቲያኗን ቆልፈን ወደ ቤት ስንሄድ አላስቻለኝም።

«አባዬ፣ ዝም ብትል ምን ነበረበት?» አልኩት። «ሰዎቹ ለአንተ ብለው ነው ዝናብ ሲወርድባቸው ያረፈዱት። በፊታቸው የእኛ አይደሉም ትላለህ?»

ጥቂት ሄድን። ከዚያ ቆመና ወረቀቱን እንድሰጠው እጁን ዘረጋ። እንደሚያውቅ አላወቅኩም ነበር፤ በትንሽ ከተማ የሠላሳ አንድ ሰው የክርስትና ስም ጠይቆ ምሥጢር መጠበቅ እንደማይቻል ግን መገመት ነበረብኝ። በጃንጥላዬ ሥር መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች እንደ ወንጌሉ በዝግታ አነበበው። ጣቱ የጎረቤታችን ስም ላይ ቆመ።

ነገ ይህ ወረቀት አንድ ሰው እጅ ገብቶ፣ እሳቸው ካቶሊክ ሆነዋል፣ ስማቸውም ተጽፏል ተብሎ ለንስሐ አባታቸው ቢነገር ሲሞቱ ማን እንደሚፈታቸው ጠየቀኝ። አዲስ አበባ ቢሮ የሚቀመጥ ወረቀት እንጂ ሌላ አይደለም አልኩት።

«እናትሽን የት ድረስ ተሸክመናት እንደተመለስን ረሳሽው?» አለ።

አልረሳሁትም። እነዚሁ ጎረቤቶቻችን ናቸው የተሸከሟት። እናትና አባቷ ወዳረፉበት ደብር ስንደርስ በሩ ላይ የንስሐ አባቷ ማን እንደሆኑ ተጠየቅን፤ ካቶሊክ ስለነበረች የምንጠራው ስም አልነበረንም፤ መለሱን። ደንብ ነው፤ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም፤ እንዲያውም የጠየቁን ሰው ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር። የእኛ ቤተ ክርስቲያን መቃብር ስለሌላት ሬሳዋን አይሱዙ ላይ ጭነን አዲስ አበባ፣ ዘመድ በሌላት መቃብር ቀበርናት። እኔ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አውጥቼ አላየሁትም፤ ስም ስሰበስብም ትዝ አላለኝም።

«እኔ የት እንደምቀበር አላውቅም» አለ አባቴ። «እሳቸው ያውቃሉ። ባላቸውም ልጃቸውም ደብራቸው ውስጥ ተቀብረዋል። እኔ ወር በወር እንድቆርብ ይህንን ልትወስጂባቸው ነበር?»

አፈርኩ። ወረቀቱን አራት ቦታ ቀዶ ቁርጥራጩን ጋቢው ውስጥ ያዘው፤ መንገድ ላይ እንዲወድቅ አልፈለገም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ውሳኔው ደረሰን፤ ቄስ የሚመጣው ለገናና ለፍልሰታ ብቻ ነው። አባቴ ደብዳቤውን አጣጥፎ ያስቀመጠው ከሌሎቹ ደብዳቤዎች ጋር ነው። ስለዚያ ቀን ለጎረቤታችን ምንም አላስረዳም። ማስረዳት አይሆንለትም፤ ሥራውን ሠርቶ መሄድ ነው የለመደው። እሳቸውም ከዚያን ቀን ጀምሮ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ሰላምታውን ይመልሱለታል እንጂ ቀልዱን ትተውታል። የአግዳሚው ቀልድ ሲቀር ሰፈሩ ምን ያህል ጸጥ እንደሚል ያኔ ነው ያወቅኩት።

መስከረም ላይ አላስችል ቢለኝ ሄጄ ነገርኳቸው። አባቴ እንዲያ ያለው እሳቸውን ገፍቶ እንዳልሆነ፣ ስማቸው ከእኛ ጋር ቢጻፍ በኋላ በመቃብራቸው ይመጣባቸዋል ብሎ እንደሆነ፣ እኔ ስማቸውን ስጠይቃቸው ይህን እንዳላሰብኩት፣ ይቅር እንዲሉኝ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«አንቺ አላሰብሽው ይሆናል። እኔ አስቤዋለሁ» አሉ። «ምን እንደሚመጣብኝ አውቄ ነው ስሜን የሰጠሁሽ። አባትሽ ግን መለሰብኝ።»