ወገብ የማይደርስ ባሕር

ቅዳሜ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሲልቨር ስፕሪንግ ስነሳ ዓላማዬ አንድ ብቻ ነበር፤ ጋሼን ጀልባ ላይ ማውጣት። ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። አሌክሳንድሪያ ከገቡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ የከተማው ወንዝ ከቤታቸው አስር ደቂቃ በእግር ቢሆን ነው። ጀልባዎቹ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጭኑና ሲያወርዱ እሳቸው አንድ ቀን ጠጋ ብለው አያውቁም። ስንጠይቃቸው “በቃኝ” ይላሉ። ዘንድሮ ጡረታ ወጥተው ሶፋ ላይ መዋል ሲጀምሩ ግን ጨነቀኝ።

እናም ስልክ ደወልኩላቸው። ችንኮቲግ በሚባል ደሴት ዙሪያ እስከ ስድስት ሰው ተጋርቶ የሚንሸራሸርበት ጀልባ አለ፣ ለአንድ ሰው ስልሳ አምስት ዶላር ነው፣ ቡክ አድርጌዋለሁ አልኳቸው። “ጥልቀቱ ወገብ አይደርስም አሉ። ባሕር እንኳ አይባልም።”

“እንግዲያው ባሕር ካልሆነ እመጣለሁ” አሉኝ።

አሌክሳንድሪያ ስደርስ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ጫማቸውን ወልውለው።

“ሰርግ ነው እንዴ ጋሼ?”

“ሰው ፊት አይደለም እንዴ የምንቀርበው?” አሉ። በዚሁ ተዘጋ።

ውሃ ላይ ከፍ ብሎ የተዘረጋውን ረጅሙን የቼሳፒክን ድልድይ ስሻገር እኔ መሪውን አንቄ ይዤ ግራ ቀኝ አላይም፤ ስፈራ ደግሞ አላፍርም። ጋሼ መስኮቱን ዝቅ አድርገው “ነፋሱ ከደቡብ ነው” አሉ። ለማን እንደነገሩት አላውቅም። ከድልድዩ ማዶ አገሩ ሜዳ ነው፤ በቆሎ፣ አሁንም በቆሎ፣ አልፎ አልፎ ረጃጅም የዶሮ ቤቶች። መንገድ ዳር ከአንዲት አሮጊት አንድ ቅርጫት ኮክ ገዛን። እንዲህ ያለ ኮክ በልቼ አላውቅም፤ ውሃው እስከ ክርኔ ወረደ። ጋሼም ክራቫታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ሁለት በሉ።

አምስት ሰዓት፣ ጀልባው

ጀልባው ጠፍጣፋ ነው፤ ጣራና አግዳሚ ወንበር ያለው በረንዳ ውሃ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ካፒቴኗ ፀሐይ ያጠቆራት፣ በባዶ እግሯ የምትሄድ የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ናት። “ሁላችሁም ጫማ አውልቁ” አለችን። ከፔንሲልቬንያ የመጡ ባልና ሚስት ቀድመው ገቡ፣ እኔም ተከተልኩ። ጋሼ ግን የእንጨቱ መሳፈሪያ ጫፍ ላይ ቀጥ ብለው ቀሩ።

“ጋሼ፣ ካልተመቸዎት ካንስል እናድርገው። ዓሣ በልተን እንመለሳለን።”

“ተዪኝ እስቲ” አሉ። ጫማቸውን አወለቁ፣ ካልሲያቸውን አጥፈው ውስጡ ከተቱ፣ ከዚያ ገቡ።

ያየሁትን ውበት እንዴት ልንገራችሁ። ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ ከሥር ያለው ሣር ወዴት እንዳዘነበለ ይታያል። ሸርጣኖች በጎን ይሮጣሉ። እግሩ ቀጭን የሆነ ነጭ ወፍ እኛን ከምንም ሳይቆጥር ዓሣውን ያድናል። ከማዶ ደግሞ የዱር ፈረሶች እስከ ጉልበታቸው ውሃ ገብተው ሣር ይግጣሉ። ካፒቴኗ ሞተሩን አጠፋች። በደስታ እንባ እንባ አለኝ።

ጋሼ ዓይናቸውን ከፈረሶቹ ሳያነሱ ማውራት ጀመሩ።

“ባሕረኛ ከመርከብ ዝም ብሎ አይወርድም። አስፈቅዶ ነው። እኛ ግን፣ አገር ሲፈርስ፣ መርከቧን ሰው አገር ወደብ ላይ ጥለናት ወረድን። አለቆቹ ቀድመው ሄደዋል፤ ማንን ላስፈቅድ? እስከ ዛሬ የወረድኩ አይመስለኝም።”

በእናቴ ቤት ስንት ዓመት በቀልድ “ፈሪው ባሕረኛ” ስንላቸው ኖረናል። አፈርኩ። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ሰባት ሰዓት፣ መውረጃ

ባልና ሚስቱ ወረዱ፣ እኔም ወረድኩ። ጋሼ መጨረሻ ቀሩ። ኮታቸውን ቆለፉ፣ ክራቫታቸውን አስተካከሉ፣ በባዶ እግራቸው ካፒቴኗ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። በዚያ የድሮ እንግሊዝኛቸው “ካፒቴን፣ ለመውረድ ፈቃድዎን እጠይቃለሁ” አሉ።

ልጅቷ ሳቅ ብላ ነበር። ፊታቸውን ስታይ ተወችው። የያዘችውን ገመድ አስቀመጠችና እሷም ቀጥ ብላ “ተፈቅዶልዎታል፣ ጌታዬ” አለች።

የወታደር ሰላምታ ሰጥተው ወረዱ።

ስንመለስ ድልድዩን ሁሉ አፋቸውን ከፍተው ተኝተው ነው ያለፉት። እኔም መሪውን ይዤ ሳስብ መጣሁ። ጉዞው ያስተማረኝ፣ “በቃኝ” የሚል ሰው ሁሉ የጠገበ እንዳልሆነ ነው፤ አንዳንዱ አሰናባች አጥቶ ነው።

አሌክሳንድሪያ በራቸው ላይ ስቆም ነቁ።

“የት ደረስን?”

“ቤትዎ ነው ጋሼ።”

በሩን፣ ደረጃውን፣ መስኮቱን አንድ በአንድ አዩ።

“ደህና ቤት ነው” አሉ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የኖሩበትን።