ካሴት ላይ የቀረች ነፍጥ

ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ውስጥ ዲዋሊ፣ የህንዶቹ የመብራት በዓል፣ ሰሞን ሰላም የለም። ህንዶቹ ጎረቤቶቻችን ርችታቸውን ሲለቁት ውሾች አልጋ ስር ይገባሉ፣ ሕፃናት ይጮኻሉ፣ እኔ ደግሞ መስኮት ልዘጋ ተነስቼ መስኮቱ ጋ ቆሜ እቀራለሁ። የሚያስቆመኝ ጩኸቱ አይደለም፤ ሽታው ነው። የተቃጠለ ባሩድ ሽታ፣ ያ የገማ እንቁላል የሚመስለው። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ ጋሽ ደምሰው ይመጣብኛል።

ጋሽ ደምሰው ልጅ ሳለሁ ከግቢያችን ጀርባ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። ወታደር ነበር፤ መንግሥት ሲለወጥ እንደ ብዙዎቹ በሞያሌ በኩል ተሻግሮ ናይሮቢ ገባ። ቀን ቀን ኢንዱስትሪያል ኤሪያ፣ ሚስተር ጉርዲፕ የሚባል ጥምጣማም ህንድ ጋራዥ ውስጥ ቶርኖ ላይ ይሠራል። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነበር። የፊት ጥርሱ ወልቆ ነው፤ እኔ ግን ያኔ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

ይሄ ሚስተር ጉርዲፕ አንድ እብደት ነበረበት፤ የድሮ ጠመንጃ። በአፈሙዙ ባሩድ የሚጎርሰውን፣ አረሩ በዘንግ የሚጠቀጠቀውን፣ ባልጩት ብረት ገጭቶ የሚለኩሰውን ነፍጥ ነው የምላችሁ። የዛገ በርሜል ከሞምባሳ፣ የተሰበረ ቃታ ከዛንዚባር እየለቀመ ይጠግናል፤ እሁድ እሁድ እንደሱ ካበዱ ሽማግሌዎች ጋር አቲ ሪቨር ማዶ ያለው ሻምባው፣ እርሻው ማለት ነው፣ ሄዶ ወረቀት ላይ ኢላማ ይተኩሳል። ፈቃድ አለው፣ ማንም አይናገረውም። ጋሽ ደምሰው የአባቱን ነፍጥ ታሪክ ያጫወተው ቀን፣ ሰውዬው አንድ የዛገ በርሜል ጎትቶ አወጣና በስዋሂሊ “ፉንዲ፣ ይሄን ደግሞ ያንተ አድርገን እንሥራው” አለው፤ ፉንዲ ባለሙያ ማለት ነው። በወረቀት የሚስተር ጉርዲፕ፣ በልብ የጋሽ ደምሰው መሆኑ ነው።

የአባቱ ነፍጥ ጎጃም ውስጥ፣ ቤታቸው ምሰሶ ላይ ተሰቅላ የምትኖር ነበረች፤ ከአያቱ የመጣች። መሣሪያ አስረክቡ የተባለ ጊዜ አባትየው እምቢ አሉ። ይገድሉብኛል ብሎ ፈርቶ እግራቸው ላይ ወድቆ አስረክብ ብሎ የለመናቸው የገዛ ወታደር ልጃቸው ነው። አስረከቡ። ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተናገሩትም፣ አልተቆጡትምም፤ እሱን ግን ያ ዝምታ ሲበላው ኖረ።

ያኔ ለስልክ የሚበቃ ሰው ጥቂት ነው፤ ድምፃችንን በካሴት ነበር የምንላላከው። የላከልህ ሰው በአንደኛው ገጽ ይቀዳና ሌላውን ባዶ ይተውልሃል፣ አንተ መልስህን እዚያው ቀድተህ ትመልሳለህ። የጋሽ ደምሰው አባት ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ በላኩት ካሴት ላይ ስለ ጤናው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ አውርተው ሲያበቁ “ልጄ፣ ያቺ ነፍጥ… እንደሷ ያለ ድምፅ ዳግመኛ አልሰማሁም” አሉ። በቃ፣ ይችው ናት። ጋሽ ደምሰው ባዶውን ገጽ ምንም ሳይቀዳበት አስቀመጠው። ፎቶ ለማያይ ሰው ምን ይሠራል? ነፍጥ ሠርቶ፣ ተኩሶ፣ ድምጿን ሊልክላቸው ነው።

ብረቱ የሚስተር ጉርዲፕ ካዝና ውስጥ ይቆለፋል፤ ቤት ይዞት የሚመጣው እንጨቱን ብቻ ነበር። ሰደፉን የሠራው፣ እንደ አባቱ ነፍጥ፣ ከዋንዛ ነው። ዋንዛ ፍለጋ ጊኮምባ እንጨት ተራ ስንት ቅዳሜ ተንከራተተ፤ በመጨረሻ ሰዎቹ ሙሪንጋ እያሉ የሚሸጡት እሱ ራሱ ዋንዛ መሆኑን ሲያውቅ እንጨቱን አቅፎ ስሞት ነበር አሉ። ከዚያ የተልባ ዘይት ነው። በመዳፉ ይቀባል፣ ያሻል፣ ያደርቃል፣ ደግሞ ይቀባል። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ጭኑ ላይ አስተኝቶት አገኘዋለሁ፤ ዩኒፎርሜ ሁሉ ተልባ ተልባ ይሸት ነበር።

“ጋሽ ደምሰው፣ አሁንም አላለቀም?”

“ሚጡ፣ ያገር ቤት መንገድ ሲከፈት አባባ በእጁ ይዳብሰዋል። እሾህ ቢወጋው ምን ይለኛል?”

አባባ ግን ሞተው ነበር።

ለእማዬ የነገራት በሞያሌ ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ ነው፤ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል። እሷም ለእድሩ ሽማግሌዎች ነገረች። መርዶ መቼም ዘሎ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ጊዜ ተመርጦ ነው። ተሰበሰቡና “በጾም ሆዱ ባዶ ነው፣ ይፈታ” አሉ። ተፈታ። “በዓሉን አናበላሽበት” አሉ። በዓሉም አለፈ። ከዚያ ጊጊሪ፣ የተባበሩት መንግሥታት ቢሮ፣ የስደተኛ ኢንተርቪው ቀጠሮ ደረሰውና “ተሰብሮ ቀርቦ ምን ብሎ ይመልሳል? ይለፍለት” አሉ። ቀጠሮው ደግሞ ተራዘመ። ክፋት አልነበረበትም፣ እግዜር ያውቃል፤ ሁሉም አዝነውለት ነው። እኔ ጓዳ ሆኜ ሰምቼ ስለነበር እማዬ “ትንፍሽ ብትዪ ምላስሽን ነው የምቆርጠው” አለችኝ። እሱ እንጨቱን ያሻል፣ እኛ በርታ እንለዋለን። ኧረ ያስ ጊዜ ይቅር!

ነፍጧ ያለቀች ዕለት እማዬ ጋ እየሮጠ መጣ። “እትዬ ዘነቡ፣ እሁድ ትተኮሳለች! አንቺና ሴቶቹ ካልመጣችሁ አይሆንም። እልልታ የሌለበት ተኩስ ብልክለት አባባ ጠብ የተነሳ ነው የሚመስለው” አላት። እማዬ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዳ አልችልም ብላ አለቀሰች። “ሂጂና እልል በዪለት፤ ኢንተርቪው በሚመጣው ሳምንት ነው፣ ከዚያ እንነግረዋለን” አሏት። እሺ ብላ ተመለሰች።

እሁድ በሚስተር ጉርዲፕ ፒካፕ ተጭነን ሄድን፤ እኔ፣ እማዬና ሁለት የእድር ሴቶች። ሻምባው ደረቅ ሜዳ ነው፣ እዚህም እዚያም ግራር፣ የማያባራ ነፋስ። ጋሽ ደምሰው ኮት ለብሷል። ቴፑን ድንጋይ ላይ አስቀመጠ፣ ካሴቱን በባዶው ገጽ ከተተ፣ ቀይዋን ቁልፍ ተጫነ። “አባባ፣ ደምሰው ነኝ። ስማት እንግዲህ” አለ ጎንበስ ብሎ። ባሩዱን ለክቶ በአፈሙዟ አፈሰሰ፣ አረሩን በጨርቅ ጠቅልሎ በዘንግ ጠቀጠቀ፤ ሚስተር ጉርዲፕ “ፖሌ ፖሌ፣ ፉንዲ”፣ ቀስ ቀስ፣ ይለዋል። አነጣጠረ። ባልጩቱ ቀጭ አለ፣ ከዚያ ምድሩ ተናወጠና ነጭ ጭስ ሁለቱንም ዋጣቸው። ያ ሽታ መጣ።

ከጭሱ ውስጥ እየሳቀ ወጣ። አፉን አልሸፈነም። ወደ እማዬ ዞረ። እማዬ አፏን ከፍታለች፣ ምላሷ ግን አልላወስ አላት። ሁለቱ ሴቶች መሬት መሬት ያያሉ።

“ምነው? እልል በሉ እንጂ!” አለ።

እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና ተንሰቀሰቀች። እሱም ቆሞ አያት፣ አያት፣ ሳቁ ገና ከፊቱ ሳይጠፋ “መቼ?” አለ።

“ከጾሙ በፊት፣ ወንድሜ። ከጾሙ በፊት።”

“ሁላችሁም ታውቃላችሁ?” ዓይኑ እኔም ላይ ደረሰ፤ አንገቴን ደፋሁ። “ሰደፉን ስቀባ… በርታ ስትሉኝ…” አለ።

ነፍጧን እንደ ለቅሶ ወግ አፈሙዟን ወደ መሬት ዘቅዝቆ ያዛት። ከዚያ እንደገና ያጎርሳት ጀመር። አሁን አረር የለም፣ ባሩድ ብቻ። ባሩዱ ጫማው ላይ ሲፈስ ሚስተር ጉርዲፕ፣ ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረው፣ ደርሶ ያዘለት። ጋሽ ደምሰው ወደ ሰሜን፣ ወዳገሩ ዞሮ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ያኔ ሴቶቹ ጮኹ፤ ያ ሁሉ ሰሞን የታፈነው ለቅሶ ወጣ። ቴፑን ያስታወሰው ሰው አልነበረም፤ ሁሉንም ይቀዳ ነበር።

ነፍጧ ካዝና ገባች፤ ጋሽ ደምሰው ዳግመኛ አልነካትም። እዚያው ሰርቪስ ቤት እየኖረ ከእኛ ቤት እግሩን ሰበሰበ። ኢንተርቪውን አልፎ ወደ አውስትራሊያ የሚሄድ ዕለት ግን መጣና ካሴቱን ለእማዬ ሰጣት። “እትዬ፣ ለማን ልላከው? አንቺ ጋ ይቀመጥ” አላት። እማዬ ይቅርታ ልትጠይቅ ጉልበቱ ላይ ጎንበስ ስትል ቀድሞ አነሳት። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌዎች ተሰብስበው መርዶ ይቆይ ሲሉ፣ እማዬ ነጠላዋን አንስታ ትወጣ ነበር፤ እስክትሞት ድረስ።

ካሴቱ አሁን እኔ ጋ ነው። ሪቨር ሮድ ያገኘሁት አሮጌ ቴፕ አለኝ፤ ዲዋሊ ሲመጣ አውጥቼ እሰማዋለሁ። በአንደኛው ገጽ አንድ ሽማግሌ እያሳሉ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። እንደሷ ያለ ድምፅ ዳግመኛ አልሰማሁም ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ካሴቱ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። እገለብጠዋለሁ።

“አባባ፣ ደምሰው ነኝ” ይላል። “ስማት እንግዲህ።”